ግድግዳ የማያልፈው ዋይፋይ

ኅዳር 5 ቀን 2010

ቀለም አለቀ። ፎቶ ኮፒው ጠዋት ሁለት ተማሪ እንዳስተናገደ ሦስተኛው ላይ ነጠብጣብ መትፋት ጀመረ። አንድ መምህር ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን ቆልሎብኝ «እስከ ነገ ይድረስልኝ» ብሎኝ ሄደ። እስከ ነገ! እኔ ማሽን ነኝ? ብርዱ ለጉድ ነው ዛሬ። መካነ ሰላም ኅዳር ሲገባ ጣት አይታዘዝም።

ከሰዓት ለእማዬ የዓይኗን ጠብታ አደረግሁላት። የቀኝ ዓይኗ ሞራው ከተገፈፈ ወዲህ ያየችው ላይ ሁሉ ትፈርዳለች። «ይኸ መጋረጃ እንዲህ ቆሽሾ ነው የኖርነው?» አለች። ሳቅሁ። ከዚያ ስልኳን አነሳችና፦

«አንቺ የትምወርቅ፣ ዓይኔ ከዳነ ዘንድ የአስናቀውን ፊት የማላየው ለምንድን ነው?»

«ዋይፋዩ ደካማ ነው እማዬ። ምስል አይስብም።»

«እንግዲያው ጎበዙን ግዢ!»

በገዛ ምላሴ ታሰርሁ።

አስናቀው ሞቷል። ወንድሜ። ይኸው ጻፍሁት… ጥቅምት ሳይጋመስ፣ ጂዳ፣ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ። ደውሎ የነገረኝ አብሮት የሚኖረው መሐሙድ ነው፣ የአቀስታው ልጅ። እማዬ ያን ጊዜ ደሴ ነበረች፤ ዓይኗ ተሠርቶ በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ «ጭስ እንዳይነካት፣ እንዳታጎነብስ፣ በተለይ እንዳታለቅስ» ብሎናል። አጎቴ አያ አድማሴ ሽማግሌ ሰበሰቡ። «ዓይኗ እስኪድን መርዶው ይቆይ» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ሌላ ምን ልበል? ልጇንም ዓይኗንም በአንድ ወር ልንነሳት?

ኅዳር 8

አስናቀው መጻፍ አይወድም ነበር። ሁሉን ነገር በኢሞ በድምፅ ነው የሚልከው። የሁለት ዓመት ድምፁ ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል። ሰሞኑን አንድ አንዱን እያወጣሁ «እማዬ፣ አስናቀው ድምፅ ልኳል» እላታለሁ። ጆሮዋን ታስጠጋለች። «እማዬ እንዴት ነሽ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይላል እሱም። ፊቷ ይበራል። እኔ ወደ ደንበኞቼ እሮጣለሁ፤ እዚያ ቆሜ ማየት አልችልም።

ዛሬ ቸኩዬ አስቀድሜ ሳልሰማ ከፈትሁት። «ዝናቡ እንዴት ነው? ቆርቆሮው አላፈሰሰም?» አለ። በኅዳር!

እማዬ ቀና አለች። «ምን ዝናብ?»

«እዚያ… እዚያ ወሩ ይምታታባቸዋል።»

«ልጄ ቀልቡን ጥሏል» አለች። ቀጥላ ራሷ መቅጃውን ተጭና መለሰችለት። «አስናቀው፣ አብሽር አንተ ልጅ፣ ዝናቡ ካለፈ ቆየ። ገብሱም እየታጨደ ነው። ቆርቆሮውን ለአጎትህ ነግሬያለሁ።»

ላከችው። ወዴት ነው የላከችው? የአስናቀው ስልክ መሐሙድ እጅ ነው ያለው። ሲመሽ መሐሙድ ጻፈልኝ፦ «እህቴ፣ ደግማ ከላከች ይኸን ስልክ ባሕር ነው የምጥለው። መስማት አልቻልሁም።»

ኅዳር 11

መናኸሪያው አጠገብ የዋይፋይ ዕቃ የሚሸጠው አህመዲን ሱቅ ሄድሁ። ቀኑን ሙሉ የእማዬ «ገዛሽ ወይ?» አላስቀምጥ ብሎኝ።

«ከሁሉ ደካማው የቱ ነው?» አልሁት።

መነጽሩን አወለቀ። «ማሻአላህ! ይኸን ሁሉ ዘመን ስነግድ ደካማውን ስጠኝ ብሎኝ የሚያውቅ የለም።»

ሳልወድ ሳቅሁ። እሱም ሦስት ዕቃ ደረደረልኝ። ባለ አንድ አንቴናውን ሊሸጥልኝ እንኳ አፈረ፤ «ይኸ ጊዜው አልፎበታል፣ አቧራ እያራገፍሁ ነው የማኖረው» አለ። ሁለተኛው ግድግዳ ያልፋል፣ ሰው ሲበዛበት ግን ይንቀራፈፋል። ሦስተኛው ሁለት ሞገድ አለው አለኝ። አንዱ ዝግ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛው በጣም ፈጣን ነው፣ ሰውን ከነሽፋሽፍቱ ያሳያል፤ ግን ግድግዳ አይወድም።

«የናንተ ቤት ምንድን ነው?»

«የመሀሉ ግድግዳ ድንጋይ ነው። አባቴ ነው ያሠራው። የእማዬ ጓዳ ደግሞ በቆርቆሮ ተለብጧል።»

«በቃ፣ ፈጣኑ ጓዳ አይደርስም። ቆርቆሮ ካለማ ጭራሽ።»

ልቤ ድንግጥ አለ። ደስታ ነው እንዴ እሱ? ደስታ ነው… እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«ሩቅ የሚሄደውን ሞገድ መዝጋት ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን ምን ሊያደርግልሽ?»

«እንዲያው ነው።»

በሱቁ ካለው ሁሉ ፈጣኑን ገዛሁ። ማንም «ደካማ ገዛች» ሊለኝ አይችልም።

ኅዳር 12

ሱቄ በሆነው ፊት ለፊት ክፍል፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ ሰቀልሁት። ሩቅ የሚሄደውን ሞገድ አህመዲን እንዳሳየኝ ዘጋሁት። ተማሪዎቹ «ኧረ ይኸ ነገር ይሮጣል!» እያሉ ነው። ጓዳ ውስጥ ግን ምንም የለም። እማዬ ስልኳን ከፍ ዝቅ አደረገች፣ አልጋዋ ላይ ቆመች፣ ወደ መስኮቱ ዘረጋች።

«ይኸም አይስብም» አለች።

«ግድግዳው ነው እማዬ። የአባባ ግድግዳ።»

ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችው። «አዬ ሰውዬ፣ ምን አጠነከረው እንዲህ!» አለች።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክፉ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ሌላ መንገድ ደግሞ አላየሁም።

ኅዳር 17

ከሰዓት ሱቁ ባዶ ነበር። ተማሪ የለ፣ ደንበኛ የለ፣ የኔንም ስልክ አጥፍቻለሁ። የዕቃው መብራት ግን ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሰው እየተጠቀመበት እንዳለ። አውቃለሁ፣ መብራቱ ዝም ብሎም ይበራል፣ አህመዲን ነግሮኛል። አውቃለሁ። ግን ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ዘግቼም «ውጣ አላልሁህም እኮ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ። ለማን ነው ያልሁት?

ትናንትና ደግሞ ፎቶ ኮፒው ሲያንጓጓ ሳሉን የሰማሁ መሰለኝ። አስናቀው ሲስቅ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ሳል አለች። አጥፍቼ ቆምሁ። ዝም። አብርቼው እንደገና…

ሰው እብድ የሚሆነው እንዲህ ነው?

ኅዳር 20

ዛሬ አርባው ነው። ሽሮ በላን።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት። እማዬ ቤተ ክርስቲያን አደረች፣ እኔ ሱቅ ዋልሁ። ስትመለስ ሕልም ነገረችኝ።

«አስናቀው መጣ» አለች። «በር ላይ ቆሟል፣ አይገባም። ግባ እንጂ ልጄ እለዋለሁ። ማን ጠራኝ ይለኛል። እኔ ጠራሁህ እለዋለሁ። አይ፣ ማንም አልጠራኝም ይለኛል።»

ውኃ የያዝሁበት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። «ምነው?» አለች። «አመለጠኝ» አልሁ።

ሳይለቀስለት፣ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ስሙ ሳይጠራ አርባው አለፈ። ታዲያ ቢዞር ይፈረድበታል? እኔስ ብሆን አልዞርም? ወንድሜን በር ላይ ያቆምሁት እኔ ነኝ። እኔና አያ አድማሴ።

ታኅሣሥ 3

አያ አድማሴ ዘንድ ሄድሁ። አጥር ያጥሩ ነበር።

«ዓይኗ ድኗል። እንንገራት» አልኋቸው።

«የግራው ቀርቷል እኮ! በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ይሠራላታል። እሱ ይለፍ።»

«አያ አድማሴ፣ ድምፁ እያለቀ ነው።»

«የምን ድምፅ?»

ነገርኋቸው። ጥቂት ነው የቀረኝ። ሌላው የማይሆን ነው፤ ወይ የፋሲካ ነው፣ ወይ ከእኔ ጋር የተጣላበት ነው፣ ወይ «የዛሬ ስድስት ወር እመጣለሁ» የሚልበት። ሲያልቅስ ምን ላድርግ? ለእሷ ያን ቀን ነው የሚሞተው… ለእኔም።

አጥሩን ተደገፉ። «ሆድ ይፍጀው ልጄ» አሉኝ። «መርዶ ወግ አለው። በማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ሆድ ይፍጀው ማለት ቀላል ነው። የተፈጀው የኔ ሆድ ነው።

ታኅሣሥ 11

እማዬ ከደሴ መጣች። ጥቁር መነጽር አድርጋ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሹም መስላ! «የግራውም ተገፈፈ» አለች። ቤት ገብታ መነጽሯን አወለቀችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ከስተሻል።»

«ሥራ በዝቶ ነው።»

«ከስተሻል የትምወርቅ። ጠቁረሻልም።»

ሮጬ ወደ ፎቶ ኮፒው ሄድሁ። የሚታተም ነገር አልነበረም።

ታኅሣሥ 14

ጉድ ፈላ! ጠዋት በርጩማዋን ይዛ ወጣች። ከጓዳዋ ወጥታ እኔ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ዕቃው ሥር ተቀመጠች። «ግድግዳው ካላሳለፈው እኔ እመጣለታለሁ» አለች። እንዴት ይኸ ሳይታሰበኝ ቀረ? እግር ያለው ሰው ከግድግዳ ማዶ ይቀራል?

ኩዌት ላለችው ለጎረቤታችን ልጅ ለኸዲጃ አስደወለችኝ። ኸዲጃ ወለል ብላ መጣች። ጥርሷ፣ ጉትቻዋ፣ ከኋላዋ ያለው ምንጣፍ… «ኧረ ማዘር፣ እንዴት አማረብዎ!» ትላለች። እማዬ እየሳቀች በጣቷ የኸዲጃን ጉንጭ ስልኩ ላይ ነካችው። «ብጉርሽ ሳይቀር ይታየኛል እኮ!»

ዘግታ ዞረችብኝ። «አስናቀውን አሁን ጥሪልኝ።»

«የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነው ያደረው። ተኝቷል።»

«እጠብቃለሁ።»

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ተማሪ ሲገባ እግሯን ሰብስባ ታሳልፋለች። ምሳዋን እዚያው አቀረብሁላት። ስልኩ ጭኗ ላይ፣ ፊቱ ወደ ላይ።

ታኅሣሥ 16

አህመዲንን ራሷ አስጠራችው። ለካ በርጩማው ወገቧን ይዟታል፤ «ጓዳዬ ድረስ አምጡልኝ» አለች። እሱም መጣ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጠና የዕቃውን ማስተካከያ ከፈተ።

«ሩቅ የሚሄደው ሞገድ ተዘግቷል። ማነው የዘጋው?» አለ፣ ጮክ ብሎ።

አየሁት። እሱም አየኝ። እሱ ሱቅ ያወራነው ትዝ እንዳለው ከፊቱ አወቅሁ። «ፊውዙን ላሳይህ» ብዬ ወደ ውጭ ሳብሁትና ቆጣሪው ሥር ነገርሁት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» አለ። ሳያስበው ነው የወጣው። እማዬ በር ላይ ቆማለች!

ይኸን ቃል ወሎ ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ስንት ጎረቤት ቀብራለች በዚህ ቃል።

«ማን ሞተ አህመዲን?»

«የ… የዕቃ ነገር ነው እማማ። ዕቃም ሲበላሽ እንላለን።»

«ትላላችሁ» አለች። «ለዕቃ ግን ፊታችሁ እንዲህ አይሆንም።» ተመልሳ ገባች፣ በሯን ዘጋች።

አህመዲን በቀስታ «ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ። «ግድግዳውን በስቼ ሽቦ ወደ ጓዳ እስብና ሌላ ትንሽ ዕቃ አልጋዋ ላይ እሰቅላለሁ። እስከዚያ ንገሪያት እህቴ። ወላሂ፣ ዳግመኛ እናትሽን መዋሸት አልችልም።»

ታኅሣሥ 17

አያ አድማሴ፦ «ገና ደርሷል፣ በዓሉ ይለፍ።» ከገና በኋላስ ጥምቀት፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሁዳዴ… መቼ ነው ሰው ለመሞት የሚፈቀድለት?

ተቆጣሁ። «ወግ ወግ አሉኝ፤ ልጁን በር ላይ ማቆም ወግ ነው?» አልኋቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪያት? ልጅ ለእናቷ መርዶ ስትናገር ተሰምቶ ያውቃል? ልቧ ቀጥ ቢል ማነው ተጠያቂው?» አሉ።

እሱን አላውቅም። ቢል ማነው? እኔ ነኛ።

ዛሬ እማዬ ስልኳን አልነካችም። ድምፅ ልኳል ወይ ብላም አልጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 19

ነገርኋት።

አህመዲን እንዳለው በጠዋት መጣ። የአባባን ግድግዳ በሳ። ድንጋዩ አልበሳ ብሎ ስንት ታገለው! ሽቦውን ስቦ ትንሿን ነጭ ዕቃ ከአልጋዋ በላይ ሰቀላት። መብራቷ በርቶ ረጋ። «ይኸው እማማ፣ ከዚህ ወዲያ ቅሬታ የለም» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ሳያየኝ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

«በይ ጥሪልኝ» አለች እማዬ። ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች፣ ልጇ እንዲያያት። ሻሹ ነው የጨረሰኝ።

በሩን ዘጋሁ። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚጀምሩት አላውቅም።

«እማዬ፣ አስናቀው አያነሳም።»

«ሥራ ላይ ነው?»

«አይደለም።»

«ታስሯል?»

«አይደለም እማዬ።» አዙሬ ልናገረው ፈለግሁ፣ ቃል አጣሁ። «ሞቷል» አልሁ። እንዲሁ በደረቁ።

ስልኩን አልጋው ላይ በቀስታ አስቀመጠች።

«መቼ?»

«ጥቅምት።»

«ድምፁስ?»

«የድሮው ነው። እኔ ነኝ የማሰማሽ።»

ጩኸቷን ጠበቅሁ። ደረቷን ትደቃለች ብዬ እጇን ልይዝ ተሰናዳሁ። አልጮኸችም። ዞራ አየችኝ፣ በሁለቱም ዓይኗ፣ ረዥም ጊዜ።

«ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ…» አለች። «ታዲያ አንቺን ማን አጽናናሽ?»

የጮህሁት እኔ ነኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደነበረም አላውቅም። መንደሩ የተሰበሰበው በኔ ጩኸት ነው። እማዬ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ «ልጄን፣ ልጄን» ትላለች፤ ስለ እሱ ነው ስለ እኔ እስካሁን አልለየሁትም።

ቆይታ እሷም አለቀሰች። «ዓይንሽ እማዬ፣ ዓይንሽ» አልኋት።

«ተዪኝ!» አለች። «ለልጄ ያላነባ ዓይን ለምኔ ነው?»

ታኅሣሥ 25

ድንኳኑ ዛሬ ፈረሰ። ፍትሐቱ ተደረገ፣ ስሙ ተጠራ፣ ጮክ ብሎ፣ ደጋግሞ። የኸዲጃ እናት እስከ ዛሬ ከእማዬ አጠገብ አልተነሳችም። ሰው ከወረኢሉም ከአቀስታም መጣ፤ የመሐሙድ አባት በእግር መጥተው አደሩ። አያ አድማሴ ግን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቅር ብሏቸዋል። ይበላቸው… እኔንም ብሎኛል።

የእማዬ ዓይን ቀልቷል። የጤና ጣቢያው ሰውዬ አየላትና ጠብታውን ቀየረላት፤ «ይተርፋል» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም።

ጥር 4፣ ዓርብ

መሐሙድ ዛሬ ሥራ የለውም። እማዬ ትናንት «መቃብሩን ልየው» ብላ መልእክት ልካለት ነበር። እዚያ የክርስቲያን መቀበሪያ ጣጣው ብዙ ስለሆነ፣ ለካ መሐሙድ «ወንድሜ ነው» ብሎ ከራሱ ወገን፣ ከሙስሊሙ መቃብር ነው ያስገባው። ይኸን ለእማዬ ለመናገር ፈርቶ ነበር። «ማንም ይቅበረው» አለች እሷ። «የወሎ ልጅ ነው የቀበረው።»

ጓዳዋ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መሐሙድ ፀሐይ ውስጥ እየተራመደ መጣ። አፈር ብቻ ነው፣ ቀይ አሸዋ። ስም የለ፣ ጽሑፍ የለ፤ ራስጌው ላይ አንድ ድንጋይ።

«ስልኩን ዝቅ አድርግልኝ ልጄ» አለችው። «ጠጋ በል… እንዲያ። ወደ እግሩ ውሰደኝ።»

ወሰዳት። አንዲት ቃል ሳትናገር ከራስጌ እስከ ግርጌ አየችው። እኔም አየሁት። አስናቀው ያን ያህል ረዥም መሆኑን ረስቼው ነበር።

ከዚያ «አሁን ፊትህን አዙርልኝ» አለችው። «ልጄን ያቀፈውን ሰው ልየው።»

አዞረው። ወጣት ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም። ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ቀና በል እንጂ። ከስተሃል አንተ ልጅ» አለች እማዬ። «ዛሬ እህል ቀምሰሃል?»

መሐሙድ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እማዬም ስልኩን እንደያዘች፣ እስኪወጣለት ድረስ «አብሽር፣ አብሽር ልጄ» ትለዋለች። ምስሉ አንዴም አልተቆረጠም።